«መጨረሻው ምን ማለት ነው?» ብለው ሲጠይቁሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በዚህ ዓመት አንድ የ14 ደቂቃ አጭር ፊልምና የመጀመሪያዬ የሆነ የ88 ደቂቃ ሙሉ ፊልም ጨርሻለሁ። ሁለቱንም በራሳችን አቅም ነው የሠራናቸው። አጭሩ ስለ አንድ የሌሊት ዘበኛ ነው። ሙሉው ደግሞ አባታቸው ከሞተ በኋላ ቤቱን እንሽጥ አንሽጥ ስለሚጣሉ እህትና ወንድም። በሚቀጥለው ወር ሁለቱም በአንድ ምሽት ይታያሉ። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥቼ ከተመልካች ጋር እንድወያይ ተጋብዣለሁ። ባለፈው አጭሩ ሲታይ አንድ ሰው ‹መጨረሻው ምን ማለት ነው?› ብሎኝ ላብ በላብ ሆንኩ። በጀቱ ስንት እንደሆነም ተጠየቅኩና ዋሸሁ። ሰው ስለ ራሱ ፊልም እንዴት ነው የሚያወራው? ምን ልበል፣ ምን ልተው? ምንስ ልልበስ?»

በቅድሚያ እንኳን ደስ አለሽ። «አንቺ» እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ፤ የሙያ ጓደኛሞች ነን። አጭርም ሙሉም ፊልም በአንድ ዓመት መጨረስ ቀልድ አይደለም። አብዛኛው ሰው አንዱን ጀምሮ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ቀብሮት ነው የሚቀረው።

እኔ ኤዲተር ነኝ። ከዚያ ጎን ለጎን ደግሞ ፊልም ከታየ በኋላ የሚደረጉ ውይይቶችን ስመራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። መድረክ ላይ የተንተባተበ ፊልም ሠሪ ለቁጥር የሚያታክት አይቻለሁ። ግሩም ፊልም ሠርተው ስለ እሱ ሲያወሩ ተመልካቹን ወደ በሩ የሸኙ አሉ። መካከለኛ ፊልም ሠርተው ደግሞ አዳራሹን ሙሉ «እስቲ ድጋሚ ልየው» ያሰኙ አሉ። አንደበተ ርቱዕነት ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ። ከሁሉም ጥሩ ያወሩት አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ከወለሉ ያላነሱ ዓይን አፋሮች ነበሩ።

የራሴን ጉድ ላስቀድም። የመጀመሪያው አጭር ፊልሜ ታይቶ ሲያልቅ ማይክ ሰጡኝ። ከኪሴ ወረቀት አወጣሁና የምስጋና ስም ዝርዝር ማንበብ ጀመርኩ። ሠላሳ ምናምን ስም። ሲያልቅ አንዲት ሴትዮ እጇን አወጣችና «ታሪኩ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ የሆነው ለምንድን ነው?» አለችኝ። እኔ ሆዬ ጉሮሮዬን ጠርጌ «የዘመናዊውን ሰው መነጠል ለማሳየት ነው» አልኳት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና ተቀመጠች። ሌላ የጠየቀኝ ሰው የለም።

እውነቱ ሌላ ነበር። ቁልፉ እጃችን ላይ ያለ ክፍል እሱ ብቻ ነበር። ሰፊ ሌንስም አልነበረንም። ጀርባችንን ግድግዳው ላይ ለጥፈን እንኳ ባልና ሚስቱን በአንድ ፍሬም ማስገባት አቃተን። ስለዚህ ለየብቻ ቀረጽናቸው። አብረው የሚታዩት በቁም ሳጥኑ መስታወት ውስጥ ብቻ ነው። ሰው ከዚያ ፊልም የሚያስታውሰው ነገር ቢኖር ያንን መስታወት ነው። ይህን ብነግራት ኖሮ ሴትዮዋ ሌላ ጥያቄ ታመጣ ነበር። «መነጠል» ስላት ግን ወሬው እዚያው አለቀ።

ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ከዚህች ታሪክ ብዙም አይርቅም። ተመልካቹ ፊልሙን አይቶታል። ያላየው ምርጫሽን ነው። ምን ልታደርጊ አስበሽ ምን እንዳደረግሽ፣ ምን ቀርጸሽ ምን እንደጣልሽ፣ ሁለት መንገድ ፊትሽ ተደቅኖ የትኛውን እንደያዝሽ አላየም። ስለዚህ ስለ ምርጫሽ አውሪ። ስለ ፊልሙ «መልእክት» ማውራቱን ለሌላ ሰው ተዪለት።

«ስለ ብቸኝነት ነው»፣ «ስለ ቤተሰብ ትስስር ነው» የሚሉት አረፍተ ነገሮች ስህተት አይደሉም። ችግራቸው የማንም መሆናቸው ነው። ስለ ቤተሰብ የተሠራ ፊልም ስንት አለ? ቤቱን የሚሸጡ ወንድምና እህት አባታቸው የሚቀመጥበትን ወንበር ማን ይውሰድ ብለው አርባ ሰከንድ ያለ ንግግር የሚቆሙበት ፊልም ግን የአንቺ ብቻ ነው። (ፊልምሽን አላየሁትም፤ ወንበሩን ከራሴ ነው ያመጣሁት። ግን እንደዚህ ያለ ነገር ፊልምሽ ውስጥ እንዳለ እወራረዳለሁ።)

ልዩነቱን በዘበኛው ላሳይሽ፤ ይህንንም እየፈጠርኩ ነው። አንድ መልስ እንዲህ ነው፦ «ዘበኛው በኅብረተሰቡ የተረሱ ሰዎችን ይወክላል።» ሌላው መልስ ደግሞ እንዲህ፦ «ስክሪፕቱ ላይ ለሚስቱ ሦስት ጊዜ ይደውላል። ሦስቱንም ቀረጽን። ኤዲቲንግ ላይ ስናየው ሚስቱ በተናገረች ቁጥር ሌሊቱ ያጥራል። ድምፅዋን አወጣነውና ስልኩ ሲጠራ ብቻ አስቀረነው።» ሁለተኛውን የሰማ ሰው ስለ ተረሱ ሰዎች ራሱ ያስባል። አንቺ ማለት አይጠበቅብሽም። ደግሞም ሁለተኛውን መልስ ከአንቺ በቀር ሊመልሰው የሚችል የለም።

እንዲህ ያለ ወሬ ፊልሙን ያሳንሰዋል ብለሽ እንዳትፈሪ። ክሪስቶፈር ኖላን የመጀመሪያውን ሙሉ ፊልሙን «ፎሎዊንግ»ን እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያወጣ 70 ደቂቃ ያህል ርዝመት ያለው ጥቁርና ነጭ ሥራ ነበር። ተዋናዮቹም ባለሙያዎቹም ሥራ ነበራቸው። ስለዚህ ቀረጻው ቅዳሜ ቅዳሜ እየተደረገ ዓመት ያህል ፈጀ። 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ውድ ስለሆነ ቴክ መደጋገም፣ ማለትም አንዱን ትዕይንት ደግሞ ደጋግሞ መቅረጽ፣ አይቻልም። መፍትሔው እንደ ቲያትር ደጋግሞ መለማመድና በአንድ ወይም በሁለት ቴክ መጨረስ ሆነ። መብራትም ስላልነበራቸው በአብዛኛው በመስኮት ብርሃን ሠሩ። ይህን ካወቅሽ በኋላ ፊልሙን ስታዪው ክፍሎቹ ለምን እንደዚያ እንደጨለሙ፣ ተዋናዮቹ ለምን እንደዚያ እንደተጣደፉ ይገባሻል። ችግሩና ምርጫው አንድ ላይ ሲነገሩ ፊልሙ ይከፈታል። ችግሩ ብቻ ሲነገር ግን እሮሮ ይሆናል። ይህን ልብ በይ። «ገንዘብ አልነበረንም፣ ዝናብ ዘነበብን፣ ካሜራው ተበላሸ» ብለሽ ብታቆሚ አዳራሹ ያዝንልሻል እንጂ ስለ ፊልሙ አንድም ነገር አያውቅም። «ዝናብ ዘነበብንና ጠቡን ከግቢው ወደ ኮሪደሩ አስገባነው፤ ጠባብ ስለሆነ መጮኽ አልቻሉም፣ በሹክሹክታ ተጣሉ» ስትይ ነው ነገሩ የሚጥመው።

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ ወረቀት ያዢና ያወጣሽውን አንድ ትዕይንት፣ ሐሳብሽን ያስቀየረሽን አንድ ቦታ፣ ከስክሪፕቱ የተሻለ ነገር ያመጣን አንድ ተዋናይ፣ ብዙ የደከምሽበትን አንድ ድምፅ፣ ሆን ብለሽ የተውሽውን አንድ ስህተት ጻፊ። እንዳታጠኚው። መጻፉ ራሱ ይበቃል። መድረክ ላይ ከሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ወደ አንዱ የሚያደርስ መንገድ አላቸው።

አሁን ወዳላበሽ ጥያቄ እንምጣ። «መጨረሻው ምን ማለት ነው?»

ይህን ጥያቄ የሚጠላ ፊልም ሠሪ ብዙ ነው። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ዴቪድ ሊንች ፊልሞቹን አላብራራም እንዳለ ነው የኖረው፤ ጠያቂዎቹም በመጨረሻ ለመዱለት። ኢራናዊው ዳይሬክተር አባስ ኪያሮስታሚ ደግሞ ነገሩን በሌላ በኩል ነው የያዘው። ፊልም ሳያልቅ ተመልካች ፊት የሚቀርብ ነገር ነው፣ የቀረውን የሚሞላው ተመልካቹ ነው የሚል እምነት ነበረው። ሁለቱም አቋም ያስከብራል። ግን እነሱ ያን ሲሉ ስም ነበራቸው። የመጀመሪያ ሙሉ ፊልምሽን ይዘሽ «አላብራራም» ብትይ ሰው የሚረዳው «ራሷም አታውቀውም» ብሎ ነው።

ማብራራቱ ደግሞ የባሰ ነው። «ዘበኛው በሩን ከፍቶ የሄደው ነፃነቱን ስላገኘ ነው» ካልሽ እዚያ አዳራሽ ውስጥ «የሄደው ሊሞት ነው» ብሎ ልቡ የተነካ ሰው አለ። ያንን ሰው በአንድ አረፍተ ነገር ተሳስተሃል አልሽው። ከፊልም ሠሪዋ ጋር ማን ይከራከራል? ፊልሙን ቀማሽው ማለት ነው።

እኔ የምመክርሽ መካከለኛ መንገድ አለ። ትርጉሙን ሳይሆን አመጣጡን ንገሪ። መጨረሻው እንዴት መጨረሻ ሆነ? ሌላ መጨረሻ ጽፈሽ ነበር? ቀርጸሽው ነበር? ለምን ተውሽው? «በመጀመሪያው ስክሪፕት ሲነጋ ተረኛው ይመጣና ይገናኛሉ። ቀረጽነው። ተረኛው ሲመጣ ግን ታሪኩ ስለ ሁለት ሰው ሆነ። እኔ ደግሞ አንዱን ሰው ልተወው አልፈለግሁም» ብትይ ጠያቂው የሚፈልገውን ያህል አገኘ። ትርጉሙ ግን አሁንም የራሱ ነው።

«አንተስ ምን መሰለህ?» ብሎ ጥያቄውን መመለስ ጥሩ ዘዴ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በጥንቃቄ ነው የማየው። መጀመሪያ የራስሽን ነገር ሳትሰጪ ከጠየቅሽው የአስተማሪ ጥያቄ ይመስላል፤ ሰውዬውም ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ይሸማቀቃል። ከሰጠሽ በኋላ ግን ጠይቂ። ሁለት ተመልካቾች ስለ መጨረሻው እርስ በርስ መከራከር ከጀመሩ ምንም አትናገሪ። ውኃሽን ጠጪ። ከዚያ የተሻለ ምሽት የለም።

ጥያቄው የሚነግርሽ ሌላ ነገርም አለ፤ እዚህ ላይ ኤዲተርነቴ ይናገር። «ምን ማለት ነው?» እና «ምንድን ነው የሆነው?» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የትርጉም ጥያቄ ነው፣ ደግ ነው። ሁለተኛው የመረጃ ጥያቄ ነው። ሦስትና አራት ሰው «ሰውዬው ተኝቶ ነው ወይስ ሞቶ?» ካለሽ፣ አንቺም ተኝቶ ነው ብለሽ ከሠራሽው፣ ይህ ምስጢር አይደለም። አንድ ሾት፣ ማለትም ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጸው አንድ ምስል፣ ጎድሏል ወይም ቶሎ ተቆርጧል። ምስጢርና ግራ መጋባት ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ምስጢር ሲሆን ሰው በየፊናው የተለያየ መልስ ይዞ ይመጣል። ግራ መጋባት ሲሆን ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አጭሩን እንደገና ለመነካካት ጊዜ ካለሽ ያለፈው ምሽት ጥያቄ የትኛው እንደነበር አስቢበት።

አጭሩና ሙሉው በአንድ ምሽት መታየታቸው የራሱ ጣጣ አለው። ሁለቱ ተደምረው 102 ደቂቃ ናቸው። ሙሉው ሲያልቅ ሰው ዘበኛውን ረስቶታል። ጥያቄው ሁሉ ወደ ቤቱ ሽያጭ ይሄዳል። አወያዩን አስቀድመሽ አግኚውና የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ለአጭሩ እንዲሆኑ ለምኚው። አወያዮች እንዲህ ያለ ነገር ሲነገራቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሥራችንን የሚያቀልልን ሰው ብርቃችን ነው።

ከዚያ ደግሞ «አጭሩ ለሙሉው መለማመጃ ነበር» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አታውጪ። ብዙ ሰው ለትሕትና ብሎ ይላታል። ሰው ግን ወዲያው አጭሩን እንደ ልምምድ ደብተር ያየዋል። አጭር ፊልም የራሱ ዓለም ያለው ሥራ ነው፣ የራሱ ውድድርም አለው። የካን ፌስቲቫል የአጭር ፊልም ውድድር ከ15 ደቂቃ የረዘመ አይቀበልም። ኦስካር እስከ 40 ደቂቃ ያለውን፣ የአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል ከ50 ደቂቃ በታች የሆነውን አጭር ይለዋል። 14 ደቂቃሽ እንግዲህ ሁሉም ጋ የሚገባ ርዝመት ነው። ይህን ለአዳራሹ አትናገሪ፤ ለራስሽ ያዢው።

«ለምን ወደ ሙሉ ፊልም አታሳድጊውም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እዚህ ላይ የሚጠቀሰው ምሳሌ ሁልጊዜ «ዊፕላሽ» ነው። ዴሚየን ሻዜል 18 ደቂቃ ያህል የሆነውን አጭሩን እ.ኤ.አ. በ2013 ሰንዳንስ ላይ አሳይቶ ተሸለመ፤ በዓመቱ ሙሉውን ይዞ ተመለሰ፤ ያ ፊልም በኋላ ሦስት ኦስካር ወሰደ። ሰው የሚዘለው ነገር ግን የሙሉው ስክሪፕት አስቀድሞ ተጽፎ እንደነበረ ነው። አጭሩ የተሠራው ከዚያ ስክሪፕት አንድ ትዕይንት ተወስዶ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎችን ለማሳመን ነበር። ማለትም አጭሩ አላደገም፤ ሙሉው ነበር መጀመሪያ የነበረው። የአንቺ ዘበኛ ታሪኩ በ14 ደቂቃ ካለቀ አለቀ። «አንድ ሌሊት ነው የሰጠሁት፣ ሁለተኛ ሌሊት ቢጨመርለት የመጀመሪያው ይቀልበታል» በያቸው። ማሳደግ ካሰብሽም እዚያ መድረክ ላይ ቃል አትግቢ።

በጀት። ዋሸሁ ማለትሽን ወደድኩት፤ አብዛኛው ሰው ይዋሻል፣ አያምንም እንጂ። ወደ ታች የሚዋሽ አለ፣ ጀግና ለመባል። ወደ ላይ የሚዋሽ አለ፣ ፊልሙ ትልቅ እንዲመስል። ሁለቱም አንድ ቀን ይጋለጣሉ፤ ሂሳቡን የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አይጠፋም።

ቁጥር አንዴ ከአፍ ከወጣ ከፊልሙ በፊት ነው የሚሮጠው። የሮበርት ሮድሪገዝን «ኤል ማሪያቺ» ሰው የሚያውቀው በ7,000 ዶላር ነው። የገንዘቡን ከፊል ያገኘው ራሱን ለመድኃኒት ምርምር አቅርቦ መሆኑም ተጨምሮ ታሪኩ አፈ ታሪክ ሆነ። ነገር ግን ያ ገንዘብ የቀረጻው ነው። ፊልሙን የገዛው ኮሎምቢያ የተባለው የሆሊውድ ስቱዲዮ ድምፁን እንደገና ሠርቶ፣ ለሲኒማ ቤት በሚሆን 35 ሚሊ ሜትር ገልብጦ ለማውጣት ከዚያ ብዙ እጥፍ አውጥቷል። ስንቱ ወጣት ግን «በሰባት ሺህ ዶላር ሲኒማ ቤት ይገባል» ብሎ ተነስቶ መሀል መንገድ ቀረ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። የአንቺም እንዲሁ ይሆናል። ያለ ክፍያ የሠራ ሰው አለ፣ በነፃ የተገኘ ቤት አለ፣ የተለመነ ካሜራ አለ። ይህ ሁሉ ቁጥሩ ውስጥ የለም። ካሜራማንሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ «ፊልሙ ምንም አልፈጀም» ስትይ ቢሰማ ምን ይሰማዋል?

ሌላው ደግሞ ገበያ ነው። ገዢ አዳራሹ ውስጥ ካለ የተናገርሽው ቁጥር የፊልሙ ዋጋ መነሻ ይሆናል። ፊልሙን በትንሽ ሠራሁት ካልሽው በትንሽ ይገዛሻል።

ስለዚህ ቁጥሩን አትናገሪ፣ እንዳትዋሺም። በፈገግታ «ቁጥሩን ፕሮዲዩሰሬ ካልፈቀደ አልናገርም፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ግን ልንገራችሁ» በይ። ከዚያ ስንት ቀን እንደቀረጻችሁ፣ ስንት ሰው እንደነበራችሁ፣ ከሁሉ በላይ የፈጀው ምን እንደሆነ ተናገሪ። ጠያቂው በአብዛኛው የራሱን ፊልም ለመሥራት የሚያስብ ሰው ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

ሾን ቤከር «ታንጀሪን»ን እ.ኤ.አ. በ2015 ሰንዳንስ ላይ ሲያሳይ ወሬው ሁሉ ፊልሙ በአይፎን 5ኤስ መቀረጹ ሆነ። ወደ ስልክ የሄደው በበጀት ምክንያት መሆኑን አልደበቀም። ግን እዚያ አላቆመም። ስልኩ ፊት ላይ ሰፋ ያለ ምስል የሚሰጥ ተጨማሪ ሌንስ ገጥመውበት ነበር፤ ትንሽ መሆኑ ደግሞ ለካሜራ አዲስ የሆኑትን ተዋናዮች እንዳላስፈራቸው ይናገር ነበር። አየሽ፣ የገንዘብ ጥያቄ ተጠይቆ የምርጫ መልስ ሰጠ።

አንዳንዱ ጠያቂ ጥያቄ የለውም። ተነስቶ አራት ደቂቃ ስለ ራሱ ያወራል። አትናደጂ። ከተናገረው ውስጥ አንዲት ቃል ያዢና በእሷ ላይ መልሺ፤ «ኮሪደር አልክ፤ ስለ ኮሪደሩ...» ብለሽ ቀጥዪ። «ፊልሙ አልተመቸኝም» የሚልም አይጠፋም። «የት ጋ ነው የጠፋብህ?» በይው። ከልብሽ ጠይቂ፣ ከልብሽ ስሚ፣ አትከላከዪ። ደቂቃውን ከነገረሽ ወርቅ ሰጠሽ ማለት ነው። ካልነገረሽም ጨዋ ሆነሽ ወጣሽ። ማንኛውንም ጥያቄ ደግሞ ከመመለስሽ በፊት በማይኩ ድገሚው። ከኋላ ያለው ሰው ይሰማል። አንቺም ለማሰብ አሥር ሰከንድ ታገኛለሽ፤ ማንም አያውቅብሽም።

ምስጋና ላይ የእኔን ስህተት አትድገሚ። ዝርዝሩ ፊልሙ መጨረሻ ላይ አለ፣ ሰው አይቶታል። ሰውን ማመስገን ከፈለግሽ ሥራውን ንገሪለት። «የድምፅ ባለሙያችንን አመሰግናለሁ» ከማለት «ባዶውን ቤት ከእነ ዝምታው የቀዳልን እሱ ነው፤ አባትየው የሌለበት ክፍል ድምፁ የተለየ ነው ብሎ እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ሁለት ደቂቃ ቀዳ» ብትይ ሰውዬው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። አዳራሹም በሚቀጥለው ጊዜ ፊልም ሲያይ ጆሮውን ያቆማል።

የምትተዪው ነገር ብዙ አይደለም። ገና ያልታወጀ የፌስቲቫል ተቀባይነት ካለሽ ዝም በይ፤ ፌስቲቫሎች ዜናውን ራሳቸው ማውጣት ይፈልጋሉ። «ሊንኩን እልክላችኋለሁ» ብለሽ መድረክ ላይ አትለፍፊ። ፊልሙ በይፋ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በር የሚዘጉብሽ ፌስቲቫሎች አሉ። ታሪኩ የእውነተኛ ሰው ከሆነና ያ ሰው ፈቃዱን ካልሰጠ «ይህ እኮ በአክስቴ ቤት የሆነ ነው» አይባልም። የቀረጻ ቦታ ጠብና ሐሜት እዚያው ይቅር። አስቂኝ ሆኖ ይታይሽ ይሆናል፤ ለተሳቀበት ሰው ግን አይደለም።

«ወሬ ብቻ ነው፣ ምን ይጠቅማል?» ብለሽ እንዳታቃልዪው አንድ ነገር ልጨምር። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ፊልም ፌስቲቫል ውድድር ላይ አቅርቦ ወደ አሜሪካ ሲመለስ የሚያከፋፍልለት ድርጅት አላገኘም። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት ተከራዩ። ከጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰቦች ጋር እየተባበሩ ፊልሙን ከተማ ለከተማ አዞሩት። ያየ ላላየ እየነገረ አዳራሹ ሞላ። በትልቅ ማስታወቂያ አይደለም የሞላው። ስለዚህ ከፊልሙ በኋላ የምታወሪያት ሃያ ደቂቃ ለመዝናኛ የተጨመረች አይደለችም። ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ ለጓደኛው የሚነግረው አንድ ነገር ይፈልጋል። ያንን መስታወት ስጪው። ያንን ስልክ ስጪው።

ከዝግጅቱ በፊት ግን ቀድመሽ ሂጂ። በር ከመከፈቱ በፊት የሁለቱንም ፊልሞች የመጀመሪያ ደቂቃዎች ሲኒማ ቤቱ ውስጥ አስከፍተሽ ከመጨረሻው ረድፍ እዪ፣ ስሚ። በተለይ ሙሉውን በሴኮንድ 25 ፍሬም ከቀረጻችሁትና ዲሲፒውን (ሲኒማ ቤቱ የሚያሳየውን ዲጂታል ቅጂ) በ24 ካሠራችሁት እንዴት እንደተለወጠ ጠይቂ። ዝም ተብሎ ፍጥነቱ ከተቀነሰ 88 ደቂቃው ወደ 92 ይጠጋል፣ የሰውም ድምፅ ይወፍራል። እኔ አንድ ጊዜ ተዋናይቷ ጉንፋን የያዛት መስላ ስትናገር ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቼ ምክንያቱ በኋላ ነው የተነገረኝ።

የሆነ ነገር ቢበላሽም ፊልሙ ሊጀመር ሲል ተነስተሽ ይቅርታ አትጠይቂ። «ድምፁ ትንሽ ያስቸግራል፣ ከለሩም ገና ነው» ያልሽው ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ድምፁንና ከለሩን ሲያድን ያመሻል። ስምሽን ተናገሪ፣ መምጣታቸውን አመስግኚ፣ ውረጂ።

ልብስ ጠይቀሻል። ያለሽን ልበሺ። ሰው ቪዲዮ ሊቀርጽሽ ስለሚችል ግን ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ተዪ፤ ካሜራ ላይ ይርገበገባል። ገመድ አልባ ማይክ ከሆነ ደግሞ የማይኩ ሳጥን የሚያርፍበት ቀበቶ ወይም ኪስ ያለው ነገር ይሁን። ኪስ የሌለው ቀሚስ ለብሳ መጥታ ምሽቱን ሙሉ የማይኩን ሳጥን በእጇ ይዛ የተወያየች ፊልም ሠሪ አውቃለሁ። ጥሩ ነው ያወራችው፤ ፎቶው ላይ ግን ስልክ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው።